በባትሪ ላይ የሚነበቡ ስሞች

ባትሪ የሚገዛ ሰው ሁሉ፥ ሳያስተውለው፥ የጥንት ሊቃውንትን ስም ይጠራል። ቮልት ሲል ኢጣልያዊውን አሌሳንድሮ ቮልታን፥ አምፔር ሲል ፈረንሳዊውን አንድሬ ማሪ አምፔርን ማንሣቱ ነው። ስሞቹ ምን እንደሚለኩ ያልተረዳ ገዢ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ ገንዘቡን ሲያወጣ ስለምናይ፥ ታሪኩን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እንቁራሪት ናት። የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ብረታ ብረት ሲነካ መንፈራገጡን አይቶ፥ ኃይሉ ከሥጋዋ የመነጨ ነው ሲል በ1791 ጻፈ። ቮልታ ግን ምንጩ የብረታ ብረቱ መለያየት ነው ብሎ ተከራከረ፤ በ1800ም ብርንና ዚንክን፥ በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ እያስገባ፥ እንደ እንጀራ ደራርቦ የማያቋርጥ ፍሰት የሚሰጥ ባትሪ መሥራቱን አስታወቀ። ድርቡ በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ይበረታል። ቮልት የሚለካው ይህን ግፊት ነው። አምፔር ደግሞ በ1820 ፍሰት የሚሄድባቸው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ አሳየ፤ በስሙም የፍሰቱ ብዛት ይለካል።

ሁለቱን ያገናኘው የቁልፍ ሠሪ ልጅ፥ በኮሎኝ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር የነበረው ጌኦርግ ኦም ነው። ግፊቱ ለሽቦው ተቃውሞ ሲካፈል ፍሰቱን ይሰጣል፤ 12 ቮልት በ4 ኦም ላይ 3 አምፔር ያስኬዳል። ይህን ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን ሕግ በ1827 በመጽሐፍ ቢያወጣ፥ የአገሩ ሊቃውንት ፊት ነሡት፤ እርሱም አዝኖ የመምህርነት ሥራውን ለቀቀ። የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር በ1841 ሜዳልያ ሸለመው፤ በሙኒክ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ወንበር ያገኘው ግን ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። እኛስ ከሦስቱ ይልቅ የሚያሳዝነን እርሱ ነው።

እስከዚያ ድረስ መለኪያው፥ ቁና ከገበያ ገበያ እንደሚለያይ፥ ከአገር አገር የተለያየ ነበር። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ቮልትን፥ አምፔርንና ኦምን አጸደቀ።

ወደ ባትሪው እንመለስ። 60 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት የመኪና ባትሪ፥ እንደ ልማዱ በ20 ሰዓት ከተለካ፥ 3 አምፔር ለ20 ሰዓት ይሰጣል። በአንድ ጊዜ 60 አምፔር ቢሳብበት ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አይቆይም። ደግሞም አምፔር ሰዓት የፍሰቱን ድምር እንጂ ሥራውን አይናገርም፤ ሥራው የሚታወቀው በቮልት ሲባዛ ነው፤ ውጤቱም ዋት ሰዓት ይባላል። ስልክ መሙያው 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢባል፥ ይህ በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት የተቆጠረ ነውና 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። በሚያወጣው 5 ቮልት ሲቆጠር ከ7,400 አይበልጥም፤ በሙቀት የሚባክንም አለ። የ5,000 ስልክ ሁለት ጊዜ እሞላበታለሁ ያለ ሰው ሁለተኛው ሳይሞላ ያልቅበታል።