የሯጭን አቅም የሚለካው ቁጥር ልጆች ላይ ሲደርስ ለምን ያስቸግራል?

አፍና አፍንጫው በጭምብል ተሸፍኖ መሮጫ ማሽን ላይ የሚያለከልክ አትሌት በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ከዚያ ሁሉ ልፋት የሚፈለገው አንድ ቁጥር ነው፦ ሰውነቱ በደቂቃ ቢበዛ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም ይችላል? አንድ ታዳጊ በዚህ ቁጥር ብቻ “ተስፋ አለው” ወይም “ይቅርበት” ሊባል ይችላል። ቁጥሩ ሲወለድ ግን ልጆች ጭራሽ አልታሰቡም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አርቺባልድ ሂል የተባለ ሳይንቲስት ዙሪያው 85 ሜትር ገደማ በሆነ የሣር መም ላይ ይሮጥ ነበር። ጀርባው ላይ ትልቅ ከረጢት አዝሏል፤ የሚተነፍሰው አየር በቱቦ እዚያ ይጠራቀምና በኋላ ይመረመራል። አዎ፣ ሯጩም ተመራማሪውም እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ዕድሜው 35 አልፎ! ሂልና ባልደረባው ሃርትሊ ሉፕተን በ1923 ያሳተሙት ውጤት ቀላል ይመስላል። ፍጥነት ሲጨምር የኦክስጅን ፍጆታም ይጨምራል። ሂል በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ ሲደርስ ግን፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን ፍጆታው ንቅንቅ አላለም። ዳገት የነበረው መስመር ሜዳ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ይህ “ሜዳ” የምርመራው ማረጋገጫ ተደርጎ ተወሰደ። ሜዳው ከታየ ሯጩ የአቅሙ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ካልታየ ቶሎ አቁሞ ይሆናል ይባላል።

በ1952 ስዊድናዊው ፐር-ኦሎፍ ኦስትራንድ ከ4 እስከ 33 ዓመት ያሉ ሰዎችን ለክቶ ውጤቱን አወጣ። (የ4 ዓመት ልጅ እስኪደክመው ማስሮጥ ምን እንደሚመስል እስቲ አስቡት።) ከልጆቹ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ሜዳው የለም! ደክሟቸው እስኪያቆሙ ድረስ መስመሩ ሽቅብ ነው። ታዲያ ልጆቹ ሰንፈው ነው ወይስ መለኪያው አልሆናቸውም?

አጥጋቢ መልስ የተገኘው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1996 እንግሊዛዊው ኒል አርምስትሮንግ (የጨረቃው ሰውዬ አይደለም፣ ሞክሼው ነው) ከባልደረቦቹ ጋር 10 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች አስሮጠ። ከዚያም እንደገና፣ ከመጀመሪያው በከበደ ፈተና ሞከሯቸው። የሜዳውን መስመር ያሳዩትም ያላሳዩትም ልጆች ፍጆታቸው ይህን ያህል አልጨመረም። ማለትም መጀመሪያውኑም አልሰነፉም። ሜዳን እንደ ግዴታ መጠየቁ ነበር ስህተቱ።

ችግሩ ግን በዚህ አላለቀም። በ1982 ቪክተር ካችና ባልደረቦቹ ጥቂት ሰዎችን ደጋግመው ሲለኩ የአንዱ ሰው ውጤት ከቀን ቀን 5.6 በመቶ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሲዋዥቅ አገኙ። ከዚህ ውስጥ 90 በመቶ በላይ የሆነው የመሣሪያው ጣጣ ሳይሆን የሰውነቱ የራሱ መለዋወጥ ነው። እስቲ እናስላው፦ እውነተኛ አቅሙ በኪሎ ክብደት 60 ሚሊሊትር የሆነ ሯጭ አንድ ቀን 57፣ ሌላ ቀን 63 ሊወጣለት ይችላል። በ60 እና በ62 መካከል “አንተ ግባ፣ አንተ ውጣ” ማለት እንግዲህ ከዕጣ ብዙም አይሻልም።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። አውስትራሊያዊው ዴሪክ ክሌይተን በ1967 ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከአበበ ቢቂላ የቶኪዮ ሰዓት ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ፈጥኖ። ቁጥሩ ግን 70 ገደማ ነበር። ከ80 በላይ ያላቸው ሯጮች ነበሩ እኮ! ምስጢሩ ምንድን ነው? ልክ ነዳጅ እንደሚቆጥብ መኪና፣ ክሌይተን በአንድ ፍጥነት ሲሮጥ ከሌሎች ያነሰ ኦክስጅን ይበቃው ነበር።

ይህ ቁጠባ በታዳጊዎች ላይ እንዴት እንደሚያድግ ያሳዩት ጃክ ዳንኤልስና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1978 ባሳተሙት ጥናት ከ10 እስከ 18 ዓመት ያሉ ሯጮችን ተከታትለዋል። ልጆቹ በየጊዜው ፈጣን እየሆኑ ሄዱ፤ በኪሎ የሚሰላው ከፍተኛ የኦክስጅን ፍጆታቸው ግን እዚያው ነበር። የተለወጠው ቁጠባው ነው፦ በዚያው ፍጥነት ለመሮጥ የሚያስፈልጋቸው ኦክስጅን ቀነሰ። የ12 ዓመት ልጅ ላይ አንዴ ብቻ የተወሰደ ልኬት ይህን ሊያይ አይችልም፤ ለውጡ ገና አልመጣማ።