ፍቺና ምሳሌ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ

የእንግሊዝኛ ተማሪ አንድን ቃል ዐወቀ የሚባለው መቼ ነው? የቃሉን አቻ በራሱ ቋንቋ በሸመደደ ጊዜ ነው ወይስ ቃሉን በተገቢው ቦታ ማዋል በቻለ ጊዜ? ከዚህ በታች በአጭሩ የሚቀርበው ታሪክ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ ጥያቄ የሰጧቸውን መልሶች ይመለከታል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ባለ አንድ ቋንቋ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው የሚባለው ሮበርት ኮድሪ በ1604 ያሳተመው ሲሆን፣ የያዘው 2,500 ያህል ቃላት ብቻ ነው። ዓላማውም ከላቲን፣ ከግሪክና ከፈረንሳይኛ የተወረሱ አስቸጋሪ ቃላትን በቀላል ቃላት መፍታት ነበር፤ የአገባብ ምሳሌ ግን አልነበረውም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባወጣው ታላቅ ሥራ ከ40,000 በላይ ቃላትን ሲፈታ፣ ከደራስያን ድርሰቶች የለቀማቸውን ከ100,000 በላይ ጥቅሶች ከፍቺዎቹ ሥር አስፍሯል። ሆኖም መጽሐፉ የተዘጋጀው ለተወላጁ አንባቢ እንጂ ለባዕድ ተማሪ አልነበረም። ለምሳሌ «ኔትወርክ»፣ ማለትም መረብ፣ የሚለውን ቃል የፈታው እነርሱ ራሳቸው ፍቺ በሚሹ የላቲን ዘር ቃላት ነው።

ይህን ችግር በቀጥታ የተጋፈጠው በቤንጋል በትምህርት ሥራ የቈየው ማይክል ዌስት ነው። ከጄምስ ኤንዲኮት ጋር ሆኖ በ1935 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ወደ 24,000 የሚደርሱ ቃላትና ሐረጎች የተፈቱት በ1,490 ቃላት ብቻ ነው። ፍቺ ከሚፈታው ቃል የቀለለ መሆን አለበት የሚለው መርሕ በዚህ ሥራ ጸና።

ይሁን እንጂ ቀላል ፍቺ ብቻውን አገባብን አያስተምርም። «ሰጀስት» የሚለው ግስ ሐሳብ አቀረበ ማለት መሆኑን የተረዳ ተማሪ፣ «ዋንት» በሚለው ግስ አገባብ ተመርቶ «ሰጀስት ቱ ጎ» ቢል ይሳሳታል። በጃፓን ያስተምር የነበረው ሆርንቢ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት ግሶችን በ25 የአገባብ ሥርዐቶች መድቦ፣ አገባቡን በምሳሌ ዐረፍተ ነገሮች አሳየ። መጽሐፉ በ1942 ሁለቱ አገሮች ጦርነት ላይ ሳሉ በቶኪዮ ታተመ፤ በ1948 ደግሞ በኦክስፎርድ በኩል ለዓለም ተሰራጨ።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ምሳሌውን ማን ይፍጠረው የሚል ነበር። በጆን ሲንክሌር መሪነት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ በ1987 የወጣው ኮቢልድ፣ ምሳሌዎቹን በኮምፒዩተር ከተከማቹ እውነተኛ ጽሑፎችና ንግግሮች ወሰደ፤ ፍቺውንም ራሱን በሙሉ ዐረፍተ ነገር አቀረበ። አንዳንድ መምህራን ግን እንዲህ ያለው ምሳሌ ከዐውዱ ሲነጠል ለጀማሪ ይከብዳል ሲሉ ተከራከሩ። በእርግጥም እውነተኛነት ብቻውን ምሳሌን አስተማሪ አያደርገውም።

ነገሩ የአማርኛን ተርጓሚም በቀጥታ ይመለከታል። እንግሊዝኛው «ብሬክ» በሚለው አንድ ግስ የሚገልጸውን አማርኛ ለየብቻ ይለየዋል፤ ዱላ ይሰበራል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ እንጀራ ይቈረሳል፣ ሕግ ይጣሳል፣ ቃል ኪዳን ይፈርሳል። «ብሬክ ማለት ሰበረ ነው» ብሎ የሸመደደ ሰው ገመድ ተሰበረ ማለቱ አይቀርም። ቮልፍ ሌስላው በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛውን ቃል በሐረግና በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መተርጐሙ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ፍቺና ምሳሌ የሥራ ድርሻቸው የተለያየ መሆኑን ነው። ፍቺ የቃሉን ወሰን ያሳያል፤ ምሳሌ ደግሞ ቃሉ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚውል ይመሰክራል። እንግዲህ ለሳይንስና ለሥነ ጥበብ አዲስ የአማርኛ ስያሜ የሚያወጣ ሰው የእንግሊዝኛውንና የአማርኛውን ቃል ጐን ለጐን በመደርደር ብቻ ሥራው ተፈጸመ ማለት አይችልም። ፍቺ ያልተሰጠው፣ በዐረፍተ ነገርም ውስጥ ገብቶ ያልተፈተነ ስያሜ ከዝርዝር ወጥቶ ወደ ተናጋሪው አንደበት የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው።