ከአዲንዳን እስከ ወልድያ፤ የሞተር ብስክሌት ተጓዥና የሳተላይት መንገድ መሪ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ጎዳና ወልድያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ ይወርዳል። ሁለተኛው በስተ ምዕራብ ተራራውን እየተጠማዘዘ ወደ ድልብ ይወጣና ጋሸናን አልፎ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይገባል። ወደ ላሊበላ የሚሄደው መንገደኛም በዚሁ ዳገት ወጥቶ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በመኪና የሚጓዝ ሰው ከጎኑ ካርታ የሚዘረጋለት ጓደኛ ሊኖረው ይችላል። በሞተር ብስክሌት የሚጓዘው ግን ሁለቱም እጆቹ በመሪው ላይ ናቸውና ካርታ የሚዘረጋው ቆሞ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ነፋሱንም ተከልሎ ነው። የሳተላይት መንገድ መሪ መሣሪያ በሞተር ብስክሌተኞች ዘንድ ይህን ያህል የተወደደበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለ መሣሪያው ምርጫ ንግግር በተነሣ ቁጥር የሚወሳው ዋጋውና የመስኮቱ ስፋት፣ ሲበዛም የባትሪው ዕድሜ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያነበው ቁጥር ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር፣ ያ ቁጥር የሚያርፍበትንም ካርታ ማን፣ መቼና በምን ልኬት እንደ ሠራው ሳይታወቅ ምርጫው ሙሉ አይሆንም። ይህም በወልድያና በሐብሩ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ የሚታይ ነገር ነው። አገሩ ሰንጥቅና ገደል የበዛበት፣ ደጋውና ቆላው በጥቂት ኪሎ ሜትር የሚፈራረቅበት ስለሆነ የመቶ ሜትር ስሕተት አንዱን ከሸንተረር ወደ ሸለቆ ሊያወርደው ይችላልና።

ቀላል ምሳሌ ለመውሰድ፣ መርሳና ወልድያ በመሣሪያው ላይ በቀጥታ መስመር ሲለኩ ርቀታቸው ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በመንገዱ ሲኬድ ግን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ መሣሪያ የገዛ ተጓዥ «ቀረህ» የሚለውን ቁጥር አይቶ ነዳጁን የሚመጥን ከሆነ የትኛውን ርቀት እንደሚያነብ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አብዛኞቹ በእጅ የሚያዙ ተቀባዮች መንገድ ካልተመረጠላቸው በስተቀር የሚናገሩት የአሞራውን ርቀት ነውና።

ኢትዮጵያን በልኬት ካርታ ላይ ለማስፈር የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ19ኛው ምእት ዓመት፣ ከ1840 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ከተራራ ወደ ተራራ በመነጽር እየተመለከተ የሰሜኑን ክፍል አቀማመጥ ለክቶ ውጤቱን አሳትሟል። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም ቀያሾቹን ከህንድ ይዞ መጥቶ የሄደበትን መስመር አስቀይሷል። ሆኖም እነዚህ ሁሉ የተጓዡን ዱካ ተከትለው የተሠሩ ጠባብ ሪባኖች ነበሩ እንጂ አገሩን በሙሉ የሚያለብሱ ካርታዎች አልነበሩም።

ዛሬ ሞተር ብስክሌተኛው የሚነዳበት ዋናው ጎዳና ራሱ ቅርጹን የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአሥመራ ጋር የሚያገናኘው መኪና የሚያስኬድ መንገድ ተጠርጎ፣ ጣርማ በር ላይ ተራራው ተበስቶ፣ ጎዳናው እንዲዘልቅ ተደረገ። ከዚሁ ጋር የመጣ፣ እስከ ዛሬም የሳተላይት መሣሪያ ተጠቃሚን የሚያስቸግር አንድ ቅርስ አለ፤ ይኸውም የስም አጻጻፍ ነው። በጣልያኖቹ ካርታዎች የወልድያ ስም በ«ኡ» ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ በሌላ ፊደል ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውም አናባቢ አንዳንዱ ዘንድ «ኦ»፣ አንዳንዱ ዘንድ «ኤ»፣ ሌላው ዘንድ «አ» ነው። በመሣሪያው መፈለጊያ ላይ በአንደኛው አጻጻፍ የጻፈ ሰው ከተማዋ እንደሌለች ሊነገረው ይችላል። ወልድያን የሚያህል፣ የሰሜን ወሎ መዲና የሆነች ከተማ ይህ ከደረሰባት በሐብሩ ቆላ ያሉት ትንንሾቹ መንደሮች ምን እንደሚገጥማቸው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጓዦች ቦታን በስም ከመፈለግ ይልቅ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን አስቀድመው መዝግበው ይነሣሉ።

መዝግቦ መነሣቱ ግን ሁለተኛውን ችግር ያመጣል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ ካርታና ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ተቋቋመ። ከዚያም ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲባል፣ ከአሜሪካ የጠረፍና የጂኦዴሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር ትክክለኛ የሦስት ማዕዘን ቅየሳ ተካሄደ። ቀያሾቹ ነጥቦቻቸውን የሚያያይዙበት አንድ መነሻ ያስፈልጋቸው ነበርና ከሱዳን የመጣውን የቅየሳ ሰንሰለት ያዙ። የዚያ ሰንሰለት መነሻ ጣቢያ በግብፅና በሱዳን ወሰን፣ በዋዲ ሐልፋ አቅራቢያ፣ በናይል ዳርቻ ከነበረች አዲንዳን ከምትባል የኑቢያውያን መንደር ስሙን ያገኘ ነው። መንደሪቱ በኋላ በአስዋን ግድብ ሐይቅ ተዋጠች፤ ነዋሪዎቿም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ስሟ ግን በኢትዮጵያ ካርታዎች ኅዳግ ላይ ታትሞ ቀረ። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከአውሮፕላን በተነሡ ፎቶግራፎች እየታገዙ የተዘጋጁት የአገሪቱ ካርታዎች፣ በተለይም በ1፡50,000 ሚዛን የታተሙት፣ መነሻቸው አዲንዳን፣ የምድርንም ቅርጽ የሚያሰሉበት ቀመር ክላርክ በ1880 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ኢንስቲትዩቱ በ1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ተብሎ እንደገና ሲቋቋም ይኸው መነሻ ተከትሎት ሄደ።

በሌላው ወገን ሰማዩ ሌላ መነሻ ይዞ መጣ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ትራንዚት የተባለውን የመጀመሪያውን የሳተላይት አቅጣጫ መምሪያ ሥርዓት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ አዋለ። መርከብ ላይ የተቀመጠ ተቀባይ የአንዲት ሳተላይት ማለፍ ጠብቆ ከሬዲዮ ሞገዷ መለዋወጥ ቦታውን ያሰላ ነበር። ይህ ሥርዓት ለመርከብና ለቀያሽ ይበጅ እንደ ሆነ እንጂ ለሚንቀሳቀስ ሞተረኛ የሚሆን አልነበረም። ዛሬ በሁሉም አፍ ያለው ጂፒኤስ በ1973 እ.ኤ.አ. ታቅዶ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በየካቲት 1978 እ.ኤ.አ. ተተኮሰች። በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. አንድ የኮርያ የመንገደኞች አውሮፕላን መሥመሩን ስቶ በሶቪየት አየር ክልል ተመትቶ 269 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም ያለ ክፍያ ክፍት እንደሚሆን አስታወቀ። በ1989 እ.ኤ.አ. ማጀላን የተባለው ኩባንያ በእጅ የሚያዝ ተቀባይ ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው ወደ 3,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ ሜይ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስም ለሲቪል ተጠቃሚ የሚላከው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ ይደረግ ስለ ነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ያ መጋረጃ በተነሣ ሌሊት የዓለም ተቀባዮች ሁሉ ሳይነኩ በአንድ ጊዜ ተሻሻሉ።

ተቀባዩ ቦታውን የሚያውቀው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚመጣውን የጊዜ ምልክት አነጻጽሮ ነው። ሦስቱ ለቦታ፣ አራተኛዋ የተቀባዩን ርካሽ ሰዓት ለማረም ታስፈልጋለች። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን በ1984ቱ የዓለም የጂኦዴሲ ሥርዓት ነው፤ የዚህ ሥርዓት መነሻ የምድር መካከለኛ ነጥብ እንጂ በናይል ዳር ያለ ጣቢያ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኢትዮጵያ ካርታዎች የካሬ መረብ ላይ ሲታይ በሰሜን አቅጣጫ ወደ 200 ሜትር፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 200 ሜትር ማለት 4 ሚሊ ሜትር ነው። ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ በመርሳና በወልድያ መካከል ባሉት ሸንተረሮች ላይ ግን 4 ሚሊ ሜትር አንድን ጅረት ከወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ ለማሻገር ይበቃል።

አንድ የግብርና ባለሙያ ከቢሮው ግድግዳ ካርታ ላይ የአንድን ምንጭ መገኛ ለክቶ፣ ቁጥሩን በመሣሪያው አስገብቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ጊራና ሸለቆ ቢወርድ የሚገጥመው ይኸው ነው። መሣሪያው «ደርሰሃል» ይለዋል፤ ምንጩ ግን የለም። ባለሙያው መሣሪያውን ይረግማል፤ አንዳንዱም ካርታውን ይረግማል። ሁለቱም ግን እውነቱን ተናግረዋል፤ የተናገሩት በሁለት ቋንቋ መሆኑ ብቻ ነው። መድኃኒቱ በብዙ በእጅ የሚያዙ ተቀባዮች ውስጥ ከድሮ ጀምሮ አለ። የልኬት መነሻዎች ዝርዝር በሚገኝበት ገጽ ላይ «አዲንዳን» የሚለውን መርጦ፣ የካሬ መረቡንም በ37ኛው ሰሜናዊ ቀጠና ማድረግ ነው። ወልድያ የምትገኘው ከዚህ ቀጠና መካከለኛ መስመር፣ ማለትም ከ39 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ብዙም ሳትርቅ ነውና። ለመዝናኛ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ መሣሪያዎችና የስልክ ፕሮግራሞች ይህ ምርጫ የላቸውም። የወረቀት ካርታ አብሮ የሚጠቀም ሰው ከመግዛቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ መልሱን አያውቀውም።

የሞተር ብስክሌት መሣሪያ ከመኪናው የሚለይበት ነገር በዋናነት ሥጋዊ ነው። ዝናብና አቧራ የማያስገባ፣ በጓንት የሚታዘዝ፣ በቀትር ፀሐይ የሚነበብ፣ የሞተሩን ንዝረት የሚችል መሆን አለበት። ቶምቶም ራይደር የተባለው በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ጋርሚን ዙሞ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ለዚሁ ዓላማ ተሠርተው ወጡ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለት የታወቁ ተዋናዮች፣ ኢዋን መግሬገርና ቻርሊ ቡርማን፣ ከስኮትላንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሞተር ብስክሌት ሲጓዙ ኢትዮጵያን አቋርጠው ማለፋቸው የዚህን ዓይነት ጉዞ ዝና አሰፋው። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን ይጓዙ የነበሩ ሞተረኞች በመተማ ገብተው ጎንደርን ካዩ በኋላ ላሊበላን የሚሹት በጋሸና በኩል ያልፉ ነበር፤ ወደ ደሴ የሚወርዱትም ወልድያን ይረግጣሉ። በንዝረት በኩል ዘመናዊው ስልክ ደካማ ነው። የኃይል መሰኪያው በኮረኮንች ላይ ይላላል፤ የካሜራው ስስ አካልም ይጎዳል። የኤሌክትሪኩን ሽቦ በቀጥታ ከሞተሩ ባትሪ ስቦ፣ በመካከሉ ፊውዝ አግብቶ፣ መሣሪያውን በጎማ ትራስ ላይ ማሰር የተሻለ ነው።

ወደ ድልብ በሚያወጣው ዳገት ላይ ሌላ ፈተና አለ። ተራራው ግማሹን ሰማይ ስለሚጋርድ መሣሪያው የሚያያቸው ሳተላይቶች ይቀንሳሉ፤ ምልክቱም ከገደሉ ግንብ ተንጸባርቆ ዘግይቶ ይደርሳል። በመሆኑም መሣሪያው ተጓዡን ካለበት ጥምዝ አንሥቶ በላይኛው ጥምዝ ላይ የሚያኖርበት ጊዜ አለ። መሣሪያው ቦታውን ያለ አግባብ ወደ ቅርብ መንገድ ስለሚጎትተው ስሕተቱ ለተጓዡ አይታየውም። በዚህ ላይ ኢትዮጵያ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት የላይኛው አየር ንብርብር ይታወክና ምልክቱን ያንቀጠቅጠዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ከሚያጠናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ክስተት ነው። በሌሊት መጓዝ በሌላም ምክንያት የማይመከር በመሆኑ ይህ ለተጓዡ ትልቅ ጉዳት አይደለም፤ ለቀያሹ ግን ነው።

ሌላው ጉዳይ በመሣሪያው ውስጥ የሚጫነው ካርታ ነው። ለአውሮፓና ለአሜሪካ የተሸጡት መሣሪያዎች ስለ ወሎ መንገዶች የያዙት ብዙውን ጊዜ ዋናውን ጎዳና ብቻ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተጀመረው ክፍት የጎዳና ካርታ፣ ማንም በጎ ፈቃደኛ የተጓዘበትን ዱካ የሚጨምርበት በመሆኑ፣ ይህን ጉድለት ቀስ በቀስ ሞላው። ከወልድያ ወረታ የሚዘልቀውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩትንና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና ከነጥምዞቹ ያለ ክፍያ ማግኘት ተቻለ። ነገር ግን በጎ ፈቃደኛ የሳለው ካርታ የጥራት ዋስትና የለውም። አንዱ የእግር መንገድ ያየውን ሌላው ጥርጊያ ብሎ ይመዘግበዋል፤ መሣሪያውም ሞተረኛውን ለበቅሎ እንኳ በሚያስቸግር ቁልቁለት ይልከዋል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ኢንተርኔት አገልግሎት ሲቋረጥ አንድ የቆየ አለመግባባት ጠራ። ብዙ ሰው ስልኩ መንገድ የሚያሳየው በኢንተርኔት ይመስለው ነበር። የሳተላይቱ ምልክት ግን ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፤ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ በቀጥታ ይወርዳል። የተቋረጠው ካርታው የሚመጣበት መስመር ነበር። ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ያከማቸ ሰው መንገዱ ሳይጠፋበት ሲቀር፣ ያላከማቸው በባዶ ነጭ መስኮት ላይ ቦታውን የሚያሳይ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ይዞ ቀረ።

የካርታ ሥራው መሥሪያ ቤት ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛል። በአዲንዳን የተዘጋጁት የ1፡50,000 ሉሆች ግን በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይገኛሉ። ሉሁንና መሣሪያውን አብሮ የሚይዝ ተጓዥ ሦስተኛ ምስክር አለው፤ እርሱም የሞተሩ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሣ ቆጣሪውን ዜሮ ላይ ያደረገ ሰው መርሳን 490 አካባቢ፣ የግብርና ምርምር ማእከሉ ያለባትን ሲሪንቃን 508 ላይ፣ ወልድያን ደግሞ 520 ገደማ ላይ ያገኛቸዋል።