የጆካ በሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ

መስቀል ነበር። እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ጉራጌ እኔም ዓመት ጠብቄ አገሬ ገብቻለሁ። ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የወንድሜ ልጅ የትምህርት ነገር ተነሣ። ልጅቷ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታጠናለች፤ ያኔ ሦስተኛ ዓመት ነበረች። አጎቴ ዘጠናን የተጠጉ፣ በዘመናቸው ብዙ ደም ያስታረቁ፣ ብዙ ድንበር የለዩ ሽማግሌ ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣

«ስንት ዓመት ነው የሚፈጀው?» አሏት።

«አምስት ዓመት፣ አባባ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ዳኝነት! እንግዲያውስ የጆካን ጨርሰሻታል።»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሲኒዬ አየሁ።

በማግሥቱ ደብተሮቿን ለምኜ አገላበጥኩ። ለመሆኑ የሕግ ተማሪ አምስት ዓመት ምን ሲማር ይኖራል? ከሕግ መግቢያና ከሕግ ታሪክ ይነሣል። ሕገ መንግሥት፣ የሰዎች ሕግ፣ ውል፣ ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነት፣ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ ንብረት ይከተላሉ። ወንጀል ለብቻው ሰፊ ነው። ከዚያ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ ማስረጃ፣ ንግድ፣ ግብር፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ ዓለም አቀፍ ሕግ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ተማሪው ካባ ለብሶ በምስለ ችሎት ይከራከራል፣ ፍርድ ቤት ሄዶ ይለማመዳል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል። የመውጫ ፈተናም አለበት። በ2015 ዓ.ም. ለሌሎች የትምህርት ዘርፎች የደረሰው ይህ ፈተና የሕግ ተማሪዎችን ያገኛቸው ከሁሉ ቀድሞ ነው።

ደብተሮቹን ስዘጋ የአጎቴ ጥያቄ እንደገና መጣብኝ። ከጉብሬ ግቢ አጥር ውጭ ያለው ሕዝብ በየቀኑ የሚዳኝበት ሕግ በእነዚያ ገጾች ላይ የያዘው ቦታ የአንድ ጣት ውፍረት አይሞላም። ይህ እንዴት ሆነ? መልሱን ለማግኘት ስድሳና ሰባ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው።

በ1946 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕግ አርቃቂ ኮሚሲዮን አቋቋሙ። ባለሙያዎቹ ከውጭ መጡ። የወንጀለኛ መቅጫውን የጄኔቩ ዣን ግራቨን አረቀቁት፤ በ1949 ታወጀ። የፍትሐ ብሔሩን የፓሪሱ ረኔ ዳቪድ ጻፉት፤ በ1952 ወጣ። የንግዱን ሕግ ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት፤ እርሱም የወጣው በዚያው በ1952 ነው። ዳቪድ ሐሳባቸውን አልደበቁም። ሮማውያንና እንግሊዞች በዘመናት ልምድ የገነቡትን የሕግ ሥርዓት ኢትዮጵያ በዚያው መንገድ ልገንባ ብላ መቶ ዓመታት የመጠበቅ ጊዜ የላትም ባይ ነበሩ። ስለዚህ ሕጉ በአንድ ጊዜ ተጻፈ፤ 3,367 አንቀጽ!

ከእነዚያ አንቀጾች መካከል ከመጨረሻው ጥቂት ቀደም ብሎ 3347 ቁጥር ይገኛል። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ሁሉ፣ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር፣ ቀድሞ በጽሑፍም ሆነ በልማድ ይሠራበት የነበረ ደንብ ተሽሯል። በአንድ አንቀጽ የጆካም፣ የጎርደና ሴራም፣ የሌላውም ብሔረሰብ የአባቶች ሕግ እንዳልነበረ ተቆጠረ። እርግጥ ሕጉ ለልማድ በሩን ጨርሶ አልዘጋውም። በልማድ የተፈጸመን ጋብቻ ያውቃል፤ ፍቺን በቤተሰብ ሽማግሌዎች እጅ አኑሯል። ይህን የሽማግሌዎች ሥልጣን በኋላ ወደ ፍርድ ቤት የወሰደው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው።

የሕግ ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ከመምህራኑ አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነበር። ሕጉ በፈረንሳይኛ ታስቧል፤ በአማርኛ ታውጇል፤ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። የዚያን ዘመን ተማሪ አበሳ አንባቢ ይገምተው። የሚማሩበት የፍርድ መጽሐፍ እንኳ ስላልነበረ ፋኩልቲው የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔትን አቋቁሞ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማተም ጀመረ። ልማድን ችላ አሉ ማለት ግን አይቻልም። ከመምህራኑ አንዱ የነበሩት ጆርጅ ክሸቹኖቪች አዲሱ ሕግ ከልማድ ጋር ስላለው ግንኙነት ገና በጠዋቱ ጽፈዋል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የአባ ጳውሎስ ጻድዋ የፍትሐ ነገሥት ትርጉም በእንግሊዝኛ ታተመ። ብራና ላይ የሰፈረው የአባቶች ሕግ እንዲህ ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ። በቃል የነበረው ደጅ ቀረ።

ደጅ የቀረው ምን ነበር? ሰባት ቤት ጉራጌ ሕጉን ቂጫ ይለዋል፤ የበላይ ሸንጎው የጆካ ነው። ነገር ከቤተሰብ ይጀምራል፤ ካልበረደ ወደ ሰፈር፣ ከዚያም ወደ ጎሳ ሽማግሌዎች ይወጣል፤ በመጨረሻ ይግባኙ የጆካ ይደርሳል። ዳኞቹ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ከሳሽም ተከሳሽም ዋስ ይጠራል። ውሳኔ በድምፅ ብልጫ የለም፤ እስኪስማሙ ይነጋገራሉ። ወህኒ ቤት የለውም፣ ፖሊስ የለውም። ፍርዱን እምቢ ያለ ሰው ከማኅበሩ ይገለላል፤ እሳት የሚያጭርለት፣ ሬሳውን የሚያነሣለት ያጣል። በ1881 ዓ.ም. ገደማ የምኒልክ ጦር አገሩን ካስገበረ በኋላ የገዢው ችሎት ከላይ ተጫነበት፤ ቂጫው ግን ከታች ሥራውን ቀጠለ። ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ያለው ክስታኔ ደግሞ የራሱ የጎርደና ሴራ አለው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አጥንተዋቸዋል።

ይህ ሕግ የት ላይ እንደሚበረታ ለማየት የነፍስ ግድያን መውሰድ ይበቃል። የወንጀል ሕጉ ገዳዩን ያስራል፤ ጉዳዩ በመንግሥትና በተከሳሹ መካከል ነው። የሟች ወገን ምስክር ሆኖ መጥቶ ምስክር ሆኖ ይመለሳል። ገዳዩ ቅጣቱን ጨርሶ ከወህኒ ሲወጣስ? ደም ካልደረቀ፣ ጉማው ካልተከፈለ፣ በሁለቱ ቤተሰብ መካከል እርቅ ካልወረደ፣ የገዛ መንደሩ አይገባም። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ሥራ የሚሠሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ዳኛው መዝገቡን በዘጋበት ቦታ እነርሱ ይከፍታሉ።

እዚህ ላይ ብቆም የአገሬን ሕግ አሞግሼ በገባሁ ነበር። ግን አክስቴ አለች።

አክስቴ የአባቴና የእነዚሁ የአጎቴ ታናሽ እህት ናት። በ1962 ይሁን በ63 ከባሏ ተጣልታ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አያቴ ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ከእንሰቱ ድርሻዬን ስጡኝ አለች። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሴት ልጅ መሬት አትወርስም ተባለ። ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ የተከበሩ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ የፈረዱትም እንደሚያውቁት ሕግ ነው። ያን ጊዜ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ከወጣ ዐሥር ዓመት አልፎታል። 837ኛው አንቀጽ የወራሽ ፆታ ልዩነት እንደማያመጣ፣ 842ኛው ልጆች እኩል እንደሚካፈሉ ይናገራል። አክስቴ ይህን የሚነግራት አላገኘችም። ብታገኝስ? ወንድሞቿን ፍርድ ቤት መገተር ማለት ዘመድ አልባ መሆን ነው። ቡታጅራ ወርዳ ቅቤ ነጋዴ ሆነች፤ እዚያው አረጀች።

ይህ የእርሷ ብቻ ዕጣ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው የቃቄ ውርድወት በየጆካ ፊት ቆማ የሴቶችን ነገር እንደተሟገተች ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይተርካል። ከአንድ በላይ ማግባትን ነቀፈች፤ ሴት ባሏ ካልለቀቃት ሌላ እንዳታገባ የሚያስረውን አንቂትን ተቃወመች። ሴት በዳኝነት በማትቀመጥበት ሸንጎ! በሙያቸው የተነሣ የተናቁ የእጅ ባለሙያዎችም እዚያ ወንበር አልነበራቸውም። በእኔ ግምት የውርድወት ሙግት ብቻውን ለአንድ የሕግ ትምህርት ቤት የአንድ ወር ንግግር ይበቃል፤ ሕግ ከውስጡ እንዴት እንደሚፈተን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከጄኔቭ ማስመጣት አያሻም ነበር።

አክስቴ የከተመችባት ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። እዚያ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ከፊታቸው ሦስት በር አለ፤ የመንግሥት ፍርድ ቤት፣ ሽማግሌ፣ ለሙስሊሙ ደግሞ ሸሪዓ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ አዘጋጅቷል። 3347 የዘጋውን በር በጥቂቱ ገርበብ አደረገው ማለት ነው። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል። ዳኛና ጠበቃ ሆኖ ወደዚህ ዓይነት ከተማ የሚወጣ ተመራቂ ሦስቱንም በር ማወቅ አለበት እላለሁ። ማወቅ ሲባል ደግሞ ማወደስ አይደለም። ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ እንደሚመረምር፣ ቂጫውንም በዚያው ዓይን ይመርምረው።

ከዚያ መስቀል ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ መጨረሻ ዓመት ናት፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው የጆካንና የሴት ልጅን ውርስ ነው። መቅረጫ ይዛ አጎቴ ቤት ሦስት ቀን ሰነበተች። ሁለቱን ቀን ስለ ዋስ፣ ስለ ደም፣ ስለ ድንበር ሳይሰለቹ ነገሯት። በሦስተኛው ጠዋት የአክስቴን እንሰት አነሣችባቸው። አጎቴ ብዙ ዝም አሉና፣

«ይህን የምትጠይቂኝ በየትኛው ሸንጎ ነው?» አሏት።

«በሁለቱም፣ አባባ» ማለቷን ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ያሉትን መቅረጫው ይዞታል፤ እርሷ ግን እስካሁን ወደ ወረቀት አልገለበጠችውም።