የንጉሡ ምላስና የድሀው ልጅ አንደበት

«አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» ይላሉ አበው። አባባሉ አንደበተ ርቱዑን ያወድሳል፤ አፍ ስለሌለው ግን አንዳች አይልም። እኛም በፖለቲካችን ስንከራከር የኖርነው ስለ መናገር ነጻነት እንጂ ስለ መናገር ችሎታ አይደለም። ለመሆኑ ቃል ከጉሮሮው አልወጣ ላለው ሰው የመናገር ነጻነት ምኑ ነው? አንደበቱን የሚያቃናለት ባለሙያስ ደመወዙን ከማን ኪስ ያግኝ? ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ስትጠይቅ የኖረችውን የእንግሊዝን ታሪክ እንመልከት። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 31 ቀን 1925 የዮርኩ መስፍን በዌምብሌይ ለተካሄደው የግዛቱ ታላቅ ኤግዚቢሽን የመዝጊያ ንግግር ሊያደርጉ ቆሙ። መስፍኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይንተባተቡ ነበርና ያ ንግግር ለተናጋሪውም ለሰሚውም ጭንቅ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ሊዮኔል ሎግ ከሚባሉ አውስትራሊያዊ ዘንድ ሄዱ። ሎግ የሕክምና ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ሙያቸውን ያዳበሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ንግግራቸው ታውኮ የተመለሱ ወታደሮችን በመርዳት ነበር። መስፍኑ በ1936 ጆርጅ 6ኛ ተብለው ነገሡ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939፣ ጦርነት በታወጀበት ዕለት፣ ለሕዝባቸው በሬዲዮ ሲናገሩ ሎግ አብረዋቸው ነበሩ። ይህን ታሪክ በ2010 የወጣው ፊልም ለዓለም አሳውቆታል።

ፊልሙ ያልነገረን ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ለሎግ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ሰውስ?

ጅምሩ ቀደም ብሎ ነበር። በ1906 የማንቸስተር ከተማ የትምህርት አስተዳደር ለሚንተባተቡ ልጆች ልዩ ክፍሎች ከፈተ፤ በ1911 ደግሞ የለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የንግግር ክሊኒክ አቋቋመ። ሆኖም የልጁ ዕድል በተወለደበት ከተማ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሥራ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ፤ ስትሮክ አንደበቱን የነጠቀው ሠራተኛም፣ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደው ሕፃንም ከግብር በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚታከሙበት በር ተከፈተ። በዚያው ዓመት ንጉሡ የንግግር ሐኪሞች ኮሌጅ የበላይ ጠባቂ ሆኑ። ንጉሥ በገንዘቡ ያገኘውን የድሀው ልጅ በመብቱ ይጠይቅ ጀመር።

ነገር ግን መብት በአዋጅ ብቻ አይኖርም፤ ሠሪ እጅ ይፈልጋል። ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ እነርሱም ገሚሱ በትምህርት አስተዳደር፣ ገሚሱ በሆስፒታል ሥር ተከፋፍለው ይሠሩ ነበር። በ1969 መንግሥት በቋንቋ ሊቁ በራንዶልፍ ኩዊርክ የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ሰየመ። ኮሚቴው በ1972 ባቀረበው ዘገባ አገልግሎቱ በጤና መሥሪያ ቤቶች ሥር አንድ እንዲሆን አሳሰበ፤ በ1974ም ተፈጸመ።

የደመወዙ ነገር ግን ሳይፈታ ቆየ። ሙያው የሴቶች ሙያ ነበርና ክፍያውም «የሴት ክፍያ» ሆኖ ቀረ። በ1986 ፓም ኤንደርቢ የተባሉ ከፍተኛ የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ወንዶች ከሚበዙባቸው ከፋርማሲስቶችና ከሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጋር እኩል ዋጋ ያለው ሥራ እየሠራሁ ለምን ያነሰ ይከፈለኛል ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ዘለቀ። ፍርድ ቤቱ በ1993 ልዩነቱ በየሙያው ለየብቻ በተደረገ የደመወዝ ድርድር የመጣ ነው ማለት ብቻውን በቂ ምክንያት እንደማይሆን ወሰነ። ክርክሩ በስምምነት እስኪያልቅ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። እነሆ፣ የሌላውን አንደበት የሚፈቱት ሴቶች የራሳቸውን ድምፅ ለማሰማት ይህን ያህል ደከሙ!

በ2008 ጆን በርካው፣ በኋላ የእንግሊዝ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሆኑት፣ በመንግሥት ጥያቄ የልጆችን የንግግር አገልግሎት መርምረው አገልግሎቱ ዛሬም እንደ መኖሪያ ሰፈር ዕጣ የሚለያይ መሆኑን ጻፉ። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው የክትትል ዘገባም ችግሩ እንዳልተፈታ መሰከረ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ምን እንወስዳለን? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይደነግጋል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አጽድቀናል። ፊርማው አለ፤ አንቀጹም አለ። ሁለቱን አንቀጾች ግን ጎን ለጎን አድርገን አናነባቸውም። የመጀመሪያውን የፖለቲካ፣ ሁለተኛውን የምጽዋት ጉዳይ አድርገን ለያይተናቸዋል።

የእንግሊዝ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ የመናገር ነጻነት ከበጀት መዝገብ ውስጥም ይጻፋል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ለዘገየ ሥራ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ላልተጀመረ ሥራ ግን መሸሸጊያ ሊሆን አይገባውም። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ነጻነት አደባባይ ስንወጣ፣ ድምፁን ልናሰማለት የምንሟገትለት ዜጋ ድምፁን እንዲያወጣ የሚረዳው ማን እንደሆነም እንጠይቅ።

ቸር ያሰማን።