እደጉ ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

አባቶችና እናቶች ሲመርቁን «እደጉ፣ ተመንደጉ» ይሉናል። እኛ ወጣቶች ግን ወንድም ወይም እኅት ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ በስልክ የምንልከውን መልካም ምኞት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ «ግሮው»፣ «ፍለሪሽ»፣ «ትራይቭ»፣ «ፕሮስፐር» እንላለን። አራቱንም ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው «አደገ» ወይም «በለጸገ» ብለን እናልፋለን። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቃል የመጣበት መንገድ አለው። ምኞታችንንና ጸሎታችንን የምንገልጸው በእነዚህ ቃላት ስለሆነ ታሪካቸውን መመርመር ተገቢ ነው።

«ግሮው» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ቃል ነው። አረንጓዴ ማለት ከሆነው «ግሪን» እና ሣር ማለት ከሆነው «ግራስ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በጥንት ዘመን በይበልጥ የሚነገረው ለዕፅዋት ነበር፤ ሰውና እንስሳ ሲያድጉ «ዋክስ» የሚባል ሌላ ቃል ነበራቸው። ከጊዜ በኋላ «ግሮው» ከእርሻ ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ ገንዘብ ተሻገረ። ገበሬ ስንዴ ያበቅላል እንደሚባለው ሁሉ ኢኮኖሚን ወይም ድርጅትን «ማብቀል» የሚለው አነጋገር በእንግሊዝኛ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው።

«ፍለሪሽ» የመጣው አበባ ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ቀጥተኛ ፍቺው ማበብ ነው። በዚህ የእኛም ቋንቋ ከማንም አያንስም። ልጆቻችንን በቀለ፣ ለማ፣ ለምለም፣ አበበ፣ ፍሬው ብለን ስንሰይም ለእነርሱ ያለንን ምኞት ከእርሻው ወስደን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዐዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ወርቅ ያገኘው አበበ ቢቂላ ሁለት እንዲህ ያሉ ስሞች ነበሩት። «አበበ» የአማርኛ ነው፤ «ቢቂላ» ደግሞ በኦሮምኛ ከመብቀል ጋር የተያያዘ ነው።

«ትራይቭ» ከእነዚህ ይለያል። ከሰሜን አውሮፓ የመጡ የኖርስ ሰዎች ወደ እንግሊዝ ያስገቡት ቃል ሲሆን የጥንት ፍቺው ለራስ መጨበጥ ማለት ነው። ቁጠባን የሚያመለክተው «ትሪፍት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ወጥቷል። ሣርና አበባ ዝናብና ፀሐይን ይቀበላሉ፤ ይህ ቃል ግን መነሻው እጅ ነው።

በአብያተ ክርስቲያናት ብዙ ክርክር ያስነሣው «ፕሮስፐር» ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ3ኛ ዮሐንስ ቁጥር 2 ላይ ይህን ቃል ተጠቀመ። ሐዋርያው በዚያ ስፍራ ለወዳጁ ለጋይዮስ መልካሙን ሁሉና ጤናን ይመኝለታል። የግሪኩ ቃል የተሠራው «መልካም» እና «መንገድ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ነው፤ መንገድ መቅናትን ያሳያል። በዚያ ዘመን የግሪክ ደብዳቤ ሲጀመር ለተቀባዩ ጤና መመኘትም የተለመደ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን በአሜሪካ የተነሡ ሰባኪዎች ይህንኑ ቁጥር የሀብት ተስፋ አድርገው ሰበኩት። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኦራል ሮበርትስ አገልግሎቱ አቅጣጫ የለወጠው በ1947 እ.ኤ.አ. ይህን ቁጥር ባነበበ ጊዜ እንደሆነ ተናግሯል። ትምህርቱ በመጻሕፍትና በቴሌቪዥን ወደ አፍሪካም ደረሰ፤ እኛም ዛሬ «የብልጽግና ወንጌል» እንለዋለን።

እስቲ አሁን የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግለጡና ይህንኑ ቁጥር ተመልከቱ። «ብልጽግና» የሚል ቃል አታገኙበትም። ተርጓሚዎቹ የመረጡት «መከናወን» የሚለውን ነው፤ ይህም ለግሪኩ መንገድ መቅናት የቀረበ ነው። ሀብትን ወደዚህ ቁጥር ያስገባው ከእንግሊዝኛው ቃል ተነሥቶ የተሰበከው ስብከት እንጂ ከልጅነታችን ጀምሮ ያነበብነው የአማርኛ ቃል አይደለም።

«በለጸገ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «ባለጸጋ» ከሚለው ነው፤ ይኸውም የጸጋ ባለቤት ማለት ነው። በግዕዝ ጸጋ ሀብትም ነው፣ ስጦታም ነው። እንግዲህ ቃሉ ያለንን ስንቆጥር ሰጪውንም እንድናስብ ያደርገናል። በሉቃስ 12 የተጠቀሰው ባለጠጋ ይህን ነበር የዘነጋው። እርሻው በጣም ፍሬያማ ሆነለት፤ እርሱ ግን ስለ ጎተራው ብቻ አሰበ።

በአገራችን አደባባይም እነዚህ ቃላት ተፈራርቀዋል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. «እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ተጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ «የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ» የሚለውን በየመሥሪያ ቤቱ ሰማን። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ «ብልጽግና» የገዢው ፓርቲ ስም ሆነ። ቃላቱ ሲፈራረቁ አንድ ጥያቄ አልተለወጠም፤ የሚያድገው ማን ነው? ከማንስ ጋር?

ለዚህ ጥያቄ የራሳችን ከተማ ምስክር አላት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በሐዘንና በቁጣ ወጡ። በዚህ ከተማ አብረውን በሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ላይ በቀል ሊፈጸም ተቃርቦ ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ትልቅ ነውር ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ።

በእንግሊዝኛ ማደግና ሣር ከአንድ ሥር እንደወጡ ከላይ አይተናል። ሽማግሌዎቹ የያዙት ሣርም የልምላሜ ምልክት ነው። የጎረቤት ቤት እየተቃጠለ የእኔ ቤት ለመለመ ማለት እንደማይቻል በጉልበታቸው ተንበርክከው አስተማሩን። በዚያ ቀን የተረፈው ሕይወትና ንብረት በየትኛውም የእድገት ሪፖርት ላይ አይጻፍ ይሆናል፤ ሆኖም ይህች ከተማ ካየቻቸው እድገቶች ሁሉ አንዱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከሴቻ ቁልቁል ወደ ሐይቆቹ ስንመለከት የሚታየን ደን በበጋም አረንጓዴ ነው። የሚያለመልመው ለከተማችን ስሟን የሰጣት፣ ከሥሩ የሚፈልቀው ውኃ ነው። መዝሙር 1 ስለ ጻድቅ ሰው ሲናገር በውኃ አጠገብ ያለ ዛፍን ምሳሌ ማድረጉን ለአርባ ምንጭ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ዛፉ ፍሬውን የሚሰጠው በጊዜው ነው፤ ፍሬውንም ራሱ አይበላውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርቃት ለወዳጃችሁ መልካም ምኞት ስትጽፉ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ። ነገር ግን በምን እንዲያድግ እንደምትመኙለት፣ ከእድገቱም ማን እንዲጠቀም እንደምትፈልጉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። በኅብረታችሁም ተነጋገሩበት፤ ባለፈው ዓመት አደግን ስንል ከእኛ ውጭ ማን አብሮን አደገ?