ከጓዳ የሚበደር ሚሞሪ

ጊዜው የ1991 የፈረንጅ ገና ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ 22 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በዓሉን ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ያሳልፋል። ምክንያቱ ጀርመን ያለ አንድ ሰው ነው። ሰውየው ሊነስ የጻፈውን ሊኑክስን በራሱ ማሽን ኮምፓይል ማድረግ ፈለገ፤ ራሙ ግን 2 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር አልበቃውም። ሊነስ ራሱ ይህ ችግር አልነበረበትም። ለሰውየው ብሎ ግን ሊኑክስ ዲስኩን እንደ ሚሞሪ እንዲጠቀምበት አደረገው።

ነገሩን በእኛ ቤት እንየው። ራም መሶብ ነው፣ ዲስክ ደግሞ ጓዳ። ኮምፒውተር የሚበላው ከመሶቡ ብቻ ነው። መሶቡ ሲሞላ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለጊዜው የማይፈለገውን ወደ ጓዳ ይመልሳል፤ ሲፈለግ መልሶ ያመጣል። ጓዳው ውስጥ ለዚህ ሥራ የተከለለው ቦታ ነው እንግዲህ ስዋፕ ፋይል የሚባለው።

ብልሃቱ ግን ከሊነስ በዕድሜ ይበልጣል። በ1950ዎቹ ይህን መመላለስ የሚያቅደው ፕሮግራመሩ ራሱ ነበር፤ የቱ ክፍል መቼ እንደሚገባ፣ የቱ እንደሚወጣ አንድ በአንድ ይጽፋል። ከዚህ ጣጣ የገላገሉት በቶም ኪልበርን የሚመሩት የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በታኅሣሥ 1962 የተመረቀው አትላስ ኮምፒውተራቸው ፈጣን ሚሞሪው 16,384 «ቃል» ብቻ ይይዝ ነበር፤ ቀርፋፋው የከበሮ ማከማቻ ግን 98,304። ሁሉንም በ512 ቃል ገጽ ከፋፈሉት። የቱ ገጽ ይውጣ የሚለውን ማሽኑ ራሱ እንዲወስን ተዉለት። ፕሮግራመሩ የሚታየው አንድ ሰፊ ሚሞሪ ብቻ ሆነ።

ሁሉም አላመነም። «ማሽን እንዴት ከሰው እኩል ያቅዳል?» የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። በ1969 የአይቢኤሙ ዴቪድ ሴር ሁለቱን አወዳድሮ የማሽኑ ምደባ ከእጅ ሥራው እንደማያንስ አሳየ።

ብልሃቱ ግን ልክ አለው። ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሲጫን ማሽኑ ከጓዳ መሶብ፣ ከመሶብ ጓዳ ሲሮጥ ይውላል፤ የሚበላ እንግዳ ግን የለም። ይህ «ትራሺንግ» ይባላል። መድኃኒቱን በ1968 ያመለከተው የኤምአይቲው ፒተር ዴኒንግ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ወቅት ደጋግሞ የሚነካቸው ገጾች ጥቂት ናቸው፤ እነሱ ራም ውስጥ ካልተመቻቹ ፕሮግራሙን አለማስጀመር ይሻላል አለ። በአጭሩ፦ የማትመግበውን እንግዳ አትጥራ።

ይህ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ አንዳንድ ስልኮች «16 ጂቢ ራም» ተብለው ይተዋወቁና ዝርዝሩ ላይ «8+8» ይላል። ሁለተኛው 8 ከማከማቻው የተበደረ ነው፤ ከእውነተኛው ራም እጅግ ይዘገያል። አይጠቅምም ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ ሲጠብብ ያተርፋችኋል፤ የጀርመኑንም ሰው አትርፎታል። ሁልጊዜ በብድር ስትኖሩ ግን መሮጥ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ስትቆጥሩ ከመደመር ምልክቱ በፊት ላለው ቁጥር ክፈሉ።